ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለማይነጋገሩ ሁለት ኮምፒዩተሮች

ሦስት ተማሪዎች ሆነን በተከራየነው ቤት ውስጥ ሁለት ያረጁ ኮምፒዩተሮች ይገኛሉ። አንደኛው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በወጣው በዊንዶውስ ኤክስፒ፥ ሁለተኛው በ2009 በወጣው በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ ከመካከላችን አንዱ ለመመረቂያ ጽሑፉ ከገበሬዎች ጋር ያደረገው ቃለ መጠይቅ ተቀምጦ ነበር፤ ሌላ ግልባጭ አልነበረውም። የኮምፒዩተሩ የፍላሽ መሰኪያዎች ከተበላሹ ቆይተዋል። ሃርድ ዲስኩን ነቅለን ወደ ሁለተኛው እንዳንወስደው፥ ዲስኩ በሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ የሚያያዘው አይዲኢ የተባለው ዓይነት ሲሆን፥ ሁለተኛው ኮምፒዩተር የሚቀበለው ሳታ የተባለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረን መንገድ ሁለቱን በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት ነበር።

ሥራው ቀላል መስሎን ጀመርነውና ሁለት ሌሊት ፈጀብን። በሁለተኛው ሌሊት አንድ ወዳጃችን «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት አድርጋችሁ እንደገና ጫኑት» ብሎ መከረን። ምክሩን ተቀብለን ቢሆን ኖሮ የምንፈልገው ሥራ ራሱ በጠፋ ነበር። ዊንዶውሱ ግን አንዳች ጥፋት አልነበረበትም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች ስንፈልግ፥ በአንድ ጊዜም ሦስት አራት ነገር ስንለዋውጥ ነበርና። ምርመራው ከታች፥ ማለት ከገመዱ ተነሥቶ፥ አንድ በአንድ ወደ ላይ መውጣት አለበት።

በመጀመሪያ ከኔትወርክ ካርዱ መሰኪያ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መብራት መመልከት ይገባል። እርስዋ ካልበራች በስክሪኑ ላይ የሚደረገው ማስተካከያ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። የእኛ አልበራችም። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። በአሮጌዎቹ ካርዶች ኮምፒዩተር በ1ኛውና በ2ኛው ሽቦ ይልካል፤ በ3ኛውና በ6ኛው ይቀበላል። ተራው ገመድ 1ኛውን ከ1ኛው፥ 2ኛውን ከ2ኛው እያለ ስለሚያገናኝ፥ ሁለት ኮምፒዩተሮች በቀጥታ ሲያያዙበት ላኪው ከላኪው ጋር ይጋጠማል። ሁለት ሰዎች አፍ ለአፍ፥ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ለመነጋገር እንደ መሞከር ነው። በመካከል ስዊች ቢኖር መስቀለኛውን ሥራ እርሱ ይሠራው ነበር። አዳዲሶቹ ካርዶችም ይህንን በራሳቸው ያደርጉታል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢችል እንኳ ይበቃል። የእኛዎቹ ግን ሁለቱም አይችሉም። ስለዚህ የገመዱን አንድ ጫፍ ቆርጠን 1ኛውን ከ3ኛው፥ 2ኛውን ከ6ኛው ጋር፥ በሌላ አነጋገር የብርቱካናማውን ጥንድ ከአረንጓዴው ጥንድ ጋር አለዋወጥን። በመጀመሪያው ሙከራ አንድ ቀለም ተሳስተን አንድ ኮኔክተር አበላሸን። በሁለተኛው መብራቷ በራች።

ቀጥሎ የሚመጣው አድራሻ ነው። የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ቀድሞ ከነበረበት ስፍራ 192.168.1.5 የሚል አድራሻ ይዞ ቀርቷል። ሁለተኛው ደግሞ አድራሻ የሚሰጠው ፈልጎ ስላጣ፥ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ሰጥቷል። ሁለቱም እንዲህ ለራሳቸው ቢሰጡ ኖሮ በተግባቡ ነበር፤ ችግሩ አንዱ ብቻ መስጠቱ ነው። እኛም በእጃችን ለኤክስፒው 192.168.0.1፥ ለሌላው 192.168.0.2፥ ለሁለቱም ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0 ጻፍን። በዚህ ማስክ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች እንደ ቀበሌ፥ የመጨረሻው እንደ ቤት ቁጥር ይቆጠራሉ፤ ቀበሌው አንድ፥ ቤቱ ግን የተለያየ መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ ፒንግ በተባለው ትእዛዝ ፈተንናቸው። ይህን መሣሪያ በ1983 የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው ሶናር ከሚያሰማው ድምፅ ነው። ከዊንዶውስ 7 ስንጠራ ኤክስፒው መለሰ፤ ከኤክስፒው ስንጠራ ግን ዝም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ገመዱ ይመለሳል፤ እኛም ልንመለስ ምንም አልቀረንም ነበር። ነገር ግን መልሱ ራሱ በዚያው ገመድ ተጉዞ የመጣ ስለ ሆነ፥ ገመዱም አድራሻውም ደኅና መሆናቸው ተረጋግጧል። ዝም ያለው ሳይሰማ ቀርቶ ሳይሆን ተከልክሎ ነው። ዊንዶውስ 7 ወደ ውጭ የሚያሳልፍ በር የሌለውን ኔትወርክ «ያልታወቀ» ብሎ ከሕዝብ ስፍራ ኔትወርክ ጋር ይመድበዋል፤ በፋየርዎሉም ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ይዘጋል።

ፋየርዎሉን ማጥፋት ይቻል ነበር፤ ግን አላስፈለገም። እስከዚያ ድረስ ፋይሎቹን ከኤክስፒው ወደ ተዘጋው በር እየገፋን ነበር። አሁን ፎልደሩን በኤክስፒው ላይ ሼር አድርገን፥ በሌላው ኮምፒዩተር ተቀምጠን መሳብ ብቻ ቀረን። ኤክስፒው በዝርዝሩ ውስጥ አልታየም፤ የአንዱ ወርክግሩፕ «ኤምኤስሆም»፥ የሌላው «ወርክግሩፕ» ይባል ነበርና። እኛ ግን ዝርዝሩን ትተን ሁለት ባክስላሽና 192.168.0.1 ብለን ስንጽፍ ፎልደሩ ተከፈተ።

ሁለተኛው ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ቢሆን ኖሮ አንድ እንቅፋት በተጨመረ ነበር፤ ኤክስፒ የሚያውቀው አሮጌው የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ከ2017 ወዲህ በወጡት ላይ እንደ ተለመደው ተከፍቶ አይመጣምና።

ቃለ መጠይቆቹ ተሻግረው ሲያልቁ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ባለቤታቸው የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፥ ሳይተኛ ሌላ ግልባጭ በፍላሽ ላይ አወጣ።