ከለገዳዲ እስከ ብርጭቆ

የውሃ ማጣሪያ ሊሸጥ የመጣው ሰው ቦርሳውን ከፍቶ በአክስቴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱን ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ሞላው፤ ሌላውን ይዞት ከመጣው ማጣሪያ። ቀጥሎ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ያሉትን ትንሽ መሣሪያ በሁለቱም ውስጥ ነክሮ ሶኬት ላይ ሰካው። ደቂቃ ሳይሞላ የቧንቧው ውሃ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ፤ ከላዩም ጭቃ መሳይ አረፋ አወጣ። የማጣሪያው ውሃ ጥርት እንዳለ ቆመ። «እማማ፣ እስከ ዛሬ ሲጠጡ የኖሩት ይኼን ነው» አለ። አክስቴ አማተበች።

እኔ ከጓዳ ቆንጥሬ ያመጣሁትን ጨው ጥርት ባለው ብርጭቆ ጨመርኩና «እስቲ አሁን ድገመው» አልኩት። ያኛውም ቡናማ ሆነ።

ቡናማው ነገር ከዘንጉ የሚወጣ ዝገት ነው። ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ እንደ ልብ የሚያልፈው የሟሙ ጨዎች ሲኖሩ ነው። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም ያለበት ውሃ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሪኩም ብረቱን ይበላዋል። የሰውየው ማጣሪያ ጨዎቹን አስቀርቷቸው ስለነበር ዘንጉ ሳይበላ ቀረ። አምቦ ውሃ ቀድተን ብናቀርብለት ኖሮ ከቧንቧውም ብሶ በጠቆረ። ሻጮች የሚይዙት ሌላው መሣሪያ፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቁጥር የሚያወጣው፣ የሚለካው ይህንኑ የጨው መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ600 ሚሊግራም በታች የሟሟ ነገር ያለበትን ውሃ ጣዕሙ ጥሩ ነው ይለዋል፤ ከ1000 ሲያልፍ ለመጠጣት አይጥምም። ጀርም ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይቆጠርም። ሰፈር ሙሉ ሊያሳምም የሚችል ውሃ 40 ብቻ ሊያሳይ ይችላል።

ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ከወጣ በኋላ አክስቴ የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን የሚናቅ አልነበረም። «ታዲያ ባለፈው ወር ሁላችንንም ሆዳችንን ያመመን ምንድነው?»

ለዚህ መልስ ለማግኘት ውሃውን ከመነሻው መከተል ግድ ነው። አዲስ አበባ የቧንቧ ውሃን ያወቀችው በቤተ መንግሥት በኩል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ምኒልክ ግቢ ውሃ በቧንቧ አወረደ። ለከተማው የሚሆን ውሃ የመጣው ቆይቶ ነው፤ መጀመሪያ በምዕራብ በኩል ከገፈርሳ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ በምሥራቅ፣ ከሰንዳፋ አጠገብ ከለገዳዲ። በኋላ የድሬ ግድብ ለገዳዲን ደገፈው፤ በደቡብ ደግሞ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተጨመሩ። ስለዚህ ጓደኛሞች ቡና ላይ ተቀምጠው «የአዲስ አበባ ውሃ» ጥሩ ነው፣ አይደለም ብለው ሲከራከሩ፣ አንዱ የግድብ ሌላው የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገርበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጉድጓድ የሚጠጣው ነው። ቅርፊቱ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፤ ማንቆርቆሪያውን እንጂ ሰውየውን አይጎዳም።

የለገዳዲ ውሃ በተፈጥሮው ድፍርስ ነው። ክረምት ላይ ከእርሻው ታጥቦ የሚገባው ደቃቅ አፈር ብዙ ቀን ቢቆይም አይዘቅጥም። ማጣሪያ ጣቢያው አሉም ይጨምርበታል፤ አሉሙ ደቃቁን እያያያዘ ያከብደዋል፣ ክብደቱም ወደ ታች ይወስደዋል። ከዚያ በአሸዋ ይጣራና ክሎሪን ይገባበታል። ክሎሪኑ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው እዚያው ያለውን ጀርም መግደል ነው። ሁለተኛው ሰው የማያስታውሰው ነው፤ ከውሃው ጋር አብሮ ተጉዞ በመንገድ የሚገባውን መጠበቅ። ቧንቧችን ሲከፈት በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ያህል ቢተርፍ ጥበቃው አልተነሳም ማለት ነው። ብዙ ቤት «በረኪና በረኪና ይላል» ተብሎ የሚደፋው እንግዲህ ያ ውሃ ነው። ምንም ሽታ የሌለው ይወደዳል። እኔ ብጠየቅ ግን በክረምት መሃል ከቧንቧ ተቀድቶ ምንም የማይሸት ውሃ ይበልጥ ያሠጋኛል።

መንገዱ ላይ ምን ይገባል? እዚህ ላይ ፈረቃ፣ ማለትም ውሃ ለየሰፈሩ በተራ መለቀቁ፣ ይመጣል። ቧንቧ ቀንና ሌሊት ውሃ ሞልቶት ግፊት ሲኖረው፣ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ የውጩ ወደ ውስጥ አይገባም። ፈረቃው ሲያልቅና ቧንቧው ሲራገፍ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባዶው ቧንቧ በዙሪያው ያለውን እርጥብ ነገር ይስባል። ያረጀ የብረት ቧንቧ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ከፍሳሽ መስመር አጠገብ ባለፈበት ሰፈር የሚሳበው ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ከሦስት ቀን በኋላ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ የዚያ ሁሉ እጣቢ ነው። ያንን ለልብስም ቢሆን አላደርገውም፤ እስኪጠራ ለሽንት ቤት ባልዲ ይቀዳ።

ቀጥሎ ሮቶ የምንለው የውሃ ታንከር አለ። ፈረቃ የወለደው ዕቃ ነው፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አያየውም። ፀሐይ ሲመታው ክሎሪኑ ይተናል፤ ደለሉ ከሥር ይከማቻል፤ ክዳኑ ከተንሸራተተ ወፍም አቧራም ይገባል። ከሮቶ ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ በጣሳ ወደ ብርጭቆ፤ በየእርምጃው አንድ እጅ ይነካዋል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባን ባስጨነቀ ጊዜ ጤና ባለሙያዎች «እጅ መታጠብ» እያሉ የለፉት ለዚህ ነበር። ውሃው ለገዳዲ ላይ የቱንም ያህል ቢጣራ ጣሳው ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ምርጫው። ማፍላት አንጋፋው መላ ነው፤ ሁሉንም ዓይነት ጀርም ይገድላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። «እኛ ጋ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ በደንብ አይገድልም» የሚለውን ወሬ ሰምቼዋለሁ፤ 92 ዲግሪ በቂ ነው። ለእርግጠኝነት በዚህ ከፍታ 3 ደቂቃ ይንተክተክ ይባላል። ችግሩ ከሰሉና የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ነው፤ ደግሞም የፈላ ውሃ ክሎሪኑ ስለሚተን በረደ ብሎ ጣሳ የሚነክርበት ሰው ካለ ነገሩ ከዜሮ ይጀመራል።

በየፋርማሲው የሚሸጠው ውሃ አጋር ክሎሪን ነው፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጀሪካን ውስጥ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ርካሽ ነው፣ ባክቴሪያና ቫይረስ ላይ ይበረታል፤ ጥበቃውም አብሮ ይቆያል። የሚሰንፈው እዚህ አገር ሁሉም ሰው በስም የሚያውቃቸው ጃርዲያና አሜባ ላይ ነው፤ እንቁላል መሰል ሽፋናቸው ክሎሪንን ይቋቋማል። የሸክላ ማጣሪያው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቀዳዳዎቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ጃርዲያና አሜባ፣ አብዛኛውም ባክቴሪያ አያልፍም፤ ቫይረስ ግን ያልፋል። ሸክላው በየጊዜው በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለው ደግሞ ዋጋ የለውም። ሁለቱን አንድ ላይ፣ መጀመሪያ ሸክላ ከዚያ ጥቂት ክሎሪን፣ የሚጠቀም ቤት የትኛውም ውድ መሣሪያ ከሚሰጠው ብዙም አይጎድልበትም።

የካርቦን ማጣሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤት ያለው በዘመድ ሻንጣ ስለሆነ። ከዋሽንግተን የመጣ የእህት ልጅ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ማሰሮ ያመጣል፤ ከላይ ሲሞላ በጥቁር ካርቦን አልፎ ከታች ይጠራል። ማሰሮው የተሠራው ለሌላ ችግር ነው። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2000 የውሃ ማከሚያውን ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ስትቀይር፣ የኬሚካሉ ለውጥ ከድሮ የእርሳስ ቧንቧዎች እርሳስ አስለቀቀ፤ ሕዝቡም ነገሩን የሰማው በ2004 ነበር። እዚያ ላሉ የእኛ ሰዎች ማፍላት ዋጋ አልነበረውም፤ ለእርሳስ ተብሎ የተመሰከረለት ካርቦን ግን ይረዳል። ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ያው ማሰሮ ክሎሪኑን አስወግዶ ውሃውን ጣፋጭ ያደርገውና ጀርሙን እንዳለ ያሳልፈዋል። የእነዚህ ማሰሮዎች መመሪያ ራሱ ከጀርም ነፃ ለሆነ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ ይላል፤ መመሪያውን ግን ሻንጣ ውስጥ ቦታ ለመቆጠብ ጥለውት ይመጣሉ።

አክስቴ ጋ የመጣው ዓይነት፣ በግፊት ሁሉንም የሚያጠራው አር ኦ፣ ኃይለኛ መሣሪያ ነው። ጀርምም ጨውም ያስቀራል። ነገር ግን አንድ ሊትር ለማጣራት ብዙዎቹ የቤት መሣሪያዎች ሦስት ሊትርና ከዚያም በላይ ወደ ፍሳሽ ይለቃሉ። ሳምንት ሙሉ ውሃ በፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ራስን ማስጠማት ነው።

ሰውየው ዕቃውን ይዞ ወደ ስምጥ ሸለቆ ቢወርድ ግን ቃሌን አጥፌ ምስክር በሆንኩለት። በወንጂ፣ በመቂ፣ በዝዋይ ዙሪያ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የሚመነጨው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ከ10 የሚያልፉ ጉድጓዶች ተለክተዋል። በልጅነቱ ያንን የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል፤ ዕድሜ ልኩን ሲጠጣው የኖረ ደግሞ አጥንቱ ይደርቅና ወገቡን ማጠፍ ያቅተዋል። ውሃው ግን ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ሲቀዱት ደስ የሚል ነው። ክሎሪን አይነካውም፣ ሸክላ አያስቀረውም፤ ማፍላት ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ወደ ኋላ ይቀራልና። እዚያ የሚሠራው አር ኦ፣ ወይም ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራው ማጣሪያ፣ ወይም ከሌላ ቦታ የሚመጣ ውሃ ነው። በአዲስ አበባ መሃል ያሉ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶችና ምንጮችም ከመጸዳጃ በሚሰርግ ናይትሬት የተነኩ አሉ፤ እሱም ሲፈላ አይጠፋም፣ በተለይ ለሕፃን ወተት መበጥበጫ አይሆንም።

የታሸገ ውሃስ? የመጀመሪያው ታሪኩ የአምቦ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸግ፣ ጋዙም ከምድር የሚመጣ። ሰው የሚጠጣው ግን ለሆዱና ለጣዕሙ እንጂ ቧንቧን ስላላመነ አልነበረም። ቧንቧን መሸሽ በፕላስቲክ የጀመረው ሃይላንድ የተባለው የታሸገ ውሃ ሲመጣ ነው። ስሙ ከፋብሪካው በላይ ኖረ፤ ዛሬ ጠበል የምንቀዳበት፣ ዘይት የምንገዛበት፣ በገጠር መንገድ ልጆች መኪና እየተከተሉ የሚለምኑት ባዶ ፕላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ ነው። አብዛኞቹ የዛሬ ፋብሪካዎች የጉድጓድ ውሃ ስበው፣ በዚያው በአር ኦ አጣርተው፣ በዩቪና በኦዞን አክመው ያሽጋሉ። ተራራው ያለው ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ሥዕል ብቻ ነው። ጠርሙሱ ሳይከፈት በጥላ ከተቀመጠ ከጀርም አንፃር ከሁሉ የሚታመን ይህ ነው፤ ለጉዞ፣ ለሕመም፣ ለአተት ወቅት ሲሆን እኔም እገዛለሁ። ስለ ፕላስቲኩ ግን አንድ ነገር ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ2024 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ የታሸገ ውሃ በአንድ ሊትር በአማካይ 240 ሺህ ያህል ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣት ቆጥረዋል። በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ገና ተመርምሮ አላለቀም፤ በየሱቁ ደጅ ፀሐይ ላይ የተከመረውን ደርዘን ግን አልገዛም።

ዋጋውን ለማሰብ ሒሳቡ ቀላል ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 10 ሊትር ቢጠጣ በወር 300 ሊትር፣ ማለትም 150 ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ነው። ከውሃና ፍሳሽ የሚመጣው አንድ ሜትር ኩብ 50 ጀሪካን ይሞላል፤ በሊትር ሲሰላ የታሸገው በመቶዎች እጥፍ ይወደዳል። ያም ሆኖ ሰላጣው የሚታጠበው፣ ጥርስ የሚፋቀው በቧንቧው ነው። የታሸገ ብቻ እየጠጡ ጃርዲያ የሚይዛቸው ሰዎች ነገር እኔን አይገርመኝም።

ቅዳሜ ዕለት የአክስቴን ሮቶ ለማየት ከአጎቴ ልጅ ጋር ጣሪያ ላይ ወጣን። ክዳኑ ነፋስ አንሸራቶት ግማሽ ተከፍቷል፤ ውስጡ ሁለት የርግብ ላባ ተንሳፍፏል፣ ከሥሩ አንድ ጣት የሚሆን ጥቁር ደለል ተኝቷል። አራግፈን፣ በብሩሽ ፈግፍገን፣ በክሎሪን አጥበን፣ ክዳኑን በሽቦ አሰርነው። ከታች ደግሞ አፉ ሰፊውን ባልዲ አስወግደን ቧንቧ የተገጠመለት ባለ ክዳን ባልዲ ገዛንላት፤ ጣሳ እንዳይነከርበት። ሐሙስ ውሃ መጣ። አክስቴ አንድ ብርጭቆ ቀድታ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች፤ «በረኪና በረኪና ይላል» አለች። ማታውኑ አፉን ክፍት አድርጋ ፍሪጅ ውስጥ አሳደረችውና ጠዋት ጠጣችው።

ለእንግዳ ግን አሁንም ልጅ ልካ ከሱቅ ሃይላንድ ታስመጣለች። ቧንቧ ቀድቶ ለሰው ማቅረብ ያሳፍራታል፤ በዚህ ላይ እስካሁን አልተግባባንም።