ስያሜ ከምልከታ በኋላ

ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ፣ በብርሃን ቤተ ሙከራ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ነበር። አንድ ምሽት መሣሪያው እስኪረጋ ስንጠብቅ፣ «ልቤ ወደ ሴቶችም ወደ ወንዶችም ያዘነብላል፤ ታዲያ ራሴን ምን ብዬ ልጥራ?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ «ወይ ይህን ነህ ወይ ያንን፤ ቁረጥ» እያሉ አስጨንቀውት ነበር። በዚያ ምሽት የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ብጠየቅ የምለውን ለአንባብያን ላቅርብ።

ለፊዚክስ ተማሪ ጥያቄው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የፀሐይ ብርሃን በፕሪዝም ሲያልፍ ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ ሳይቋረጥ ይዘረጋል። አይዛክ ኒውተን በመጀመሪያ አምስት ቀለማትን ቆጠረ፤ በኋላ ግን ከሙዚቃ ድምፆች ቁጥር ጋር ለማስማማት ብርቱካናማንና ኢንዲጎን ጨምሮ ሰባት አደረጋቸው። የተለወጠው አከፋፈሉ እንጂ ብርሃኑ አይደለም። ይሁን እንጂ «ቀይ» የሚለው ስም ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ያለ እርሱ መነጋገር ባልቻልን ነበር።

በሰው ልጅ የፆታ ዝንባሌ ላይ ተቀራራቢ አሳብ ያቀረበው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው የሥነ እንስሳት ሊቅ አልፍሬድ ኪንሲ ነው። ኪንሲ ቀደም ሲል ለብዙ ዓመታት ጥቃቅን ተርቦችን እየሰበሰበ ልዩነታቸውን ያጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ከ0 እስከ 6 የሚደርስ መለኪያ አቀረበ። 0 ወደ ተቃራኒ ፆታ ብቻ፣ 6 ደግሞ ወደ ተመሳሳይ ፆታ ብቻ ማዘንበልን ያመለክታል፤ በመካከላቸው ደረጃዎች አሉ። የናሙና አመራረጡን የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ስለተቹት፣ የሰጣቸው መቶኛዎች እንዳሉ አይወሰዱም። ሁለት ክፍሎች ብቻ አይበቁም የሚለው አሳቡ ግን ጸንቶ ቆይቷል።

አንድ ቁጥርም ቢሆን ሁሉን አይገልጽም። የዘመኑ ተመራማሪዎች ሦስት ነገሮችን ለይተው ይመለከታሉ፤ እነርሱም የሚሰማን ስሜት፣ የምንፈጽመው ድርጊትና ራሳችንን የምንጠራበት ስም ናቸው። ሦስቱ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። የዩታ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቡና ምሁር ሊሳ ዳይመንድ ወደ ተመሳሳይ ፆታም የሚያዘነብሉ 79 ሴቶችን ለአሥር ዓመታት ተከታተለች። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ሥራዋ እንደተገለጸው፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መጠሪያቸውን ቢያንስ አንድ ጊዜ ለውጠዋል፤ ማናቸውንም ስያሜ የተዉም ነበሩ።

ይህ ግን ዝንባሌን በግፊት መለወጥ ይቻላል ማለት አይደለም። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ጥናቶችን መርምሮ፣ እንዲህ ያለው ሙከራ የመሳካት ዕድሉ አነስተኛ እንደሆነና ለጉዳት ሊዳርግ እንደሚችል ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ተመሳሳይ ፆታ ማዘንበልን ከበሽታዎች መዝገብ አውጥቶታል።

እንግዲህ ስያሜ ይወሰድ ወይስ ይቅር? ስያሜ ለብቸኛ ሰው ቃል ይሰጠዋል፤ መሰሎቹ መኖራቸውንም ያሳውቀዋል። ከምልከታው ቀድሞ ሲጫን ግን ተማሪው ያየውን ትቶ የተጠበቀውን እንዲመዘግብ እንደሚያስገድድ መምህር ይሆናል። ለራስ ስም ማውጣትና ለሌላው መንገርም ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል፤ በቤተሰብና በጎረቤት ዘንድም የሚከተለው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለማን፣ መቼ እንደሚነገር የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ዝም ማለቱም ውሸተኛ አያሰኘውም።

ያን ወጣት ከዓመታት በኋላ አገኘሁት። የሚስማማውን ስም መርጦ ነበር፤ ለመምረጥ ሦስት ዓመት እንደፈጀበትም ነገረኝ። በመጀመሪያው ምሽት ልነግረው ይገባኝ የነበረው በየሴሚስተሩ ለተማሪዎቼ የምነግረውን ነበር፦ መሣሪያው ሳይረጋ ውጤት አይመዘገብም፤ በመዝገቡ ላይ «ገና አልታወቀም» ብሎ መጻፍም ትክክለኛ መልስ ነው።