የጋዜጣ ወራሽ

በእንጦጦና በየካ ኮረብቶች ላይ የሚታየው ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ጋዜጣ ግን ተተኪ ካልተዘጋጀለት ባለቤቱ ሲለየው አብሮ ይደርቃል።

ብዙ ጋዜጦች የሚጀመሩት በአንድ ሰው ትጋት ነው። የግሪክ ተወላጅ የነበረው አንድሪያስ ካቫዲያ በ1890ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የጀመረው «አእምሮ» በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ሲያድግ ከጀማሪው በኋላ ማን ይረከበዋል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ጋዜጣ የሚወርስ ቤተሰብ ሦስት ነገሮችን ይረከባል። አንደኛው ንብረቱ ነው፤ ይኸውም ገንዘቡ፣ ዕቃውና ዕዳው ነው። ሁለተኛው የጋዜጣው ስምና ሕጋዊ ምዝገባው ነው። ሦስተኛው አንባቢው፣ ዜና አቀባዩና ማስታወቂያ አስነጋሪው የጣሉበት እምነት ነው። ሁለቱ በጽሑፍ ይተላለፋሉ፤ እምነት ግን አብሮ በመሥራት እንጂ በኑዛዜ አይተላለፍም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ያልተወ ሰው ሲሞት ልጆቹ ሀብቱን እኩል እንዲካፈሉ ይደነግጋል። ሀብት ይከፈላል፤ የዋና አዘጋጅነት ወንበር ግን አይከፈልም። አራት ወራሾች አራት ዓይነት ርእሰ አንቀጽ ቢጽፉ ጋዜጣው ድምፁን ያጣል። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ባለድርሻነትን ከአዘጋጅነት ለይቶ ያያል። ድርሻውን ለልጆቹ ሁሉ ያወርሳል፤ ብዕሩን ግን ከቤተሰቡም ሆነ ከውጭ ሙያው ላለው ሰው ያስረክባል።

በ1992 ዓ.ም. በአሰፋ ጎሳዬ የተመሠረተው ሳምንታዊው «አዲስ አድማስ» መሥራቹ ካረፉ በኋላም ለብዙ ዓመታት መታተሙን ቀጥሏል። አሳታሚው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነበር። እንዲህ ያለ ማኅበር የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ስላለው በአንድ ሰው ሞት ብቻ አይፈርስም። ሆኖም ማኅበሩ ስሙን ያቆያል እንጂ ርእሰ አንቀጹን አይጽፍም፤ የሚጽፈው የሠለጠነ ሰው ነው።

ተተኪን ማዘጋጀት የባለቤቱን ሞት መመኘት አይደለም። ተተኪው በቅድሚያ ዜና ይሰብስብ፤ ቀጥሎ ሒሳቡንና የማተሚያ ቤቱን ጉዳይ ይልመድ፤ በመጨረሻም ባለቤቱ በቅርብ እየተመለከተ ጥቂት እትሞችን ራሱ ያዘጋጅ። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» እንደሚባለው፣ ርክክቡ የሚያርም ሰው ባለበት ጊዜ ሊጀመር ይገባል።

መልመጃ

1. ከሦስቱ ውርሶች በኑዛዜ የማይተላለፈው የትኛው ነው? ለምን?
2. በአካባቢያችሁ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለተላለፈ አንድ ሥራ ገላጭ አንቀጽ ጻፉ።