ስለ ጥንቆላ መንገድና ስለ ንጽሕና ማዕረግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሰቆጣ ከተማ፣ በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ፣ እንዲሁም በመላው ኢትዮጵያ ያላችሁ የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ የምንናገረው ብዙ ሰው በሹክሹክታ እንጂ በግልጥ ስለማያነሣው ነገር ነው። ይኸውም ሰው በዛር፣ በጥንቆላና በአስማት በኩል የማይታየውን ዓለም ለማየትና ኃይልን ለማግኘት ስለሚደክመው ድካም ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። የማይታየውን መናፈቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር በአፍንጫው የሕይወትን እስትንፋስ እፍ ብሎበታልና፣ ነፍስ በእንጀራና በውኃ ብቻ አትጠግብም። ይልቁንም ኀዘን ሲበረታ ይህ ናፍቆት ይብሳል። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ዋግንም ስለ ደረሰ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ ወጥቶ ያልተመለሰም አለ። ልጇ የወደቀበትን ያላወቀች እናት ወሬውን ፍለጋ ወደ ጠንቋይ ደጅ ብትሄድ የሚፈርድባት ብዙ ነው፤ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያጽናናት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩን በቁጣ ሳይሆን በማስተዋል እንመርምረው።

ዛር በአገራችን የቆየ ነገር ነው። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት ስሙ የአገው ሕዝብ ከክርስትና በፊት የሰማዩን አምላክ ከሚጠራበት ስም የወጣ ነው ይላሉ። እንዲህ ከሆነ፣ ቀድሞ በሰማይ ይመለክ የነበረው ወንጌል ሲሰበክ ከዙፋኑ ወርዶ በጓዳ ተሸሸገ ማለት ነው። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደስክና ዲኖ የሚባሉትን መናፍስት ማምለክን በብርቱ ቅጣት ከለከሉ፤ ቅጣቱ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ እንዳልራራ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። ሆኖም ጥንቆላው ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም። ሰይፍ ከልብ ውስጥ ሊነቅለው የማይችል ነገር አለና።

ሕዝቡ ስለ ዛር አመጣጥ የሚያወራው ተረት አለ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ሊያያቸው በመጣ ጊዜ መልከ መልካሞቹን ዐሥራ አምስቱን ሸሸገች፤ የተሸሸጉትም የማይታዩ ሆነው ቀሩና ዛር ሆኑ ይላል። ምእመናን ሆይ፣ ይህን ተረት በጥቂቱ ብንመረምረው ክህደቱ ይገለጣል። አዳም በዛፎች መካከል ቢሸሸግ ያልተሰወረው አምላክ፣ ዐሥራ አምስት ሕፃናት እንዴት ይሰወሩታል? ተረቱ ዛርን የእኛ ወንድም አድርጎ ያቀርባል፤ ሰው ከጠላቱ ጋር እንዲታረቅ መጀመሪያ ዘመድህ ነው ብሎ ማሳመን ያስፈልጋልና።

አሠራሩንም እንመልከት። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከበሮ ይመታል፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ራሳቸውን እየወዘወዙ ያጓራሉ፤ ከዚያ በኋላ በአፋቸው የሚናገረው ሌላ ነው ይባላል። በ1932 እ.ኤ.አ. ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ በጎንደር ወራት ተቀምጦ ይህን በዓይኑ እያየ መዝግቧል፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ነገሩን ሰዎች በእውነት ከሚኖሩት ቴያትር ጋር አመሳስሎታል። እርሱ የቤተ ክርስቲያን ልጅ አልነበረም፤ ነገር ግን በዚያ ቤት እውነትና ማስመሰል ተለይተው እንደማይታወቁ አስተውሏል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ በዛር የተያዘው ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል። ፈረስ መንገዱን አይመርጥም፤ ልጓሙ በሌላ እጅ ነው። ሁለተኛ፣ ዛር እንዲወጣ አይደረግም፤ እንዲታረቅ ይደረጋል። የዶሮው መልክ፣ የበጉ ጠጕር፣ የልብሱና የሽቱው ዓይነት ይታዘዛል፤ ዘንድሮ የተሰጠው ለከርሞም ይጠየቃል። ጌታችን ግን በጌርጌሴኖን አገር ካገኘው ሌጌዎን ጋር ውል አልተዋዋለም፤ አስወጣው፤ ሰውየውም ልብስ ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶለት በእግሩ ሥር ተቀመጠ። እንግዲህ አንዱ ሰውን ፈረስ ያደርገዋል፤ ሌላው ፈረስ የነበረውን ሰው ያደርገዋል።

የአስማቱም ነገር ከዚህ አይርቅም። ይልቁንም የሚያሳዝነው፣ ይህ ሥራ አንዳንድ ጊዜ በእኛው ግእዝና በእኛው ብራና መሠራቱ ነው። የመላእክትና የቅዱሳን ስም በክታብ ላይ ከማይታወቁ ስሞች ጋር ተቀላቅሎ ሲገኝ የዋሁ ሰው ጸሎት ይመስለዋል። መለያው ይህ ነው፦ ጸሎት እግዚአብሔርን ይለምናል፤ አስማት ግን መንፈስን አስገድዳለሁ ይላል። ጸሎት ፈቃድህ ይሁን ብሎ ይፈጸማል፤ አስማት ፈቃዴ ይሁን ብሎ ይጀምራል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1735 እ.ኤ.አ. የወጣው የጥንቆላ ሕግ በ1951 ተሻረ፤ በ1954 ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ሰው ጥንቆላ ከጥንት የኖረ ሃይማኖት ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ዊካ የሚባለው እምነት ወደ አሜሪካና ወደ ሌላም አገር ተዛመተ። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን አብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተቀናበረ መሆኑን አሳይተዋል። ተከታዮቹ ክበብ ሠርተው፣ ሻማ አብርተው፣ ሙሉ ጨረቃን ጠብቀው ይሰበሰባሉ። ብዙዎቹ ማንንም አንጎዳም ይላሉ፤ የሚፈልጉት ልዩ ስሜት፣ ተመስጦና ከፍጥረት ጋር አንድ መሆን ነው። ዛሬ ይህ ትምህርት በእጅ ስልክ በኩል ወደ እኛም ወጣቶች ይደርሳል። ልብሱ አዲስ ነው፤ ሐሳቡ ግን የጓዳው ሐሳብ ነው፦ ሰው ሳይነጻ ይይ፤ ሳይታዘዝ ኃይል ያግኝ።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ናፍቆት ምን መንገድ አላት? አላት፤ ከዚያውም የሚበልጥ አላት። በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ የተማሩ መምህራን ዐሥር ማዕረጋትን ይቈጥራሉ። ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ ናቸው፤ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ። ይኸውም ዝምታ፣ ማስተዋልና የጸሎት ጣዕም ማለት ነው። አራቱ የንጽሐ ነፍስ ናቸው፤ አንብዕ፣ ኩነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት። እንባ ከዚህ ይጀምራል፤ ሥጋ ለነፍስ መገዛቱ፣ ሰውን ሁሉ አስተካክሎ መውደዱም በዚህ ነው። የቀሩት ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ናቸው፤ መላእክትን ማየትና በብርሃን መሰጠም በዚህ ይገኛሉ፤ ፍጻሜውም ሥላሴን መመልከት ነው።

እነሆ፣ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መላእክትን ማየት የሚመጣው ከሰባት ማዕረግ በኋላ፣ ከእንባና ከፍቅር በኋላ ነው። ጠንቋይ ግን ስምንተኛውን ማዕረግ በመጀመሪያው ቀን እሸጥልሃለሁ ይላል። ሳይለቀስ ራእይ፣ ሳይወደድ ብርሃን ቃል ይገባል። ሐዋርያው ጳውሎስ ሰይጣን የብርሃን መልአክ እስኪመስል ራሱን እንደሚለውጥ የጻፈው ለዚህ ነው። እርሱ ራሱ እስከ ሦስተኛው ሰማይ ተነጥቆ ሳለ፣ በራእዩ እንዳይታበይ የሥጋ መውጊያ ተሰጠው እንጂ የራእይ ገበያ አልዘረጋም። አበውም የራስን ኃጢአት አይቶ ማልቀስን መላእክትን ከማየት አስበልጠው ያስተምሩናል።

ከሰቆጣ አጠገብ ያለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ያያችሁ፣ ያ ቤተ መቅደስ ከዓለት ተፈልፍሎ መታነጹን ታውቃላችሁ። ዓለቱ በቃል ድግምት አልተከፈተም፤ ድንጋዩ እየተጠረበ፣ ፍርፋሪው እየተጠረገ ቦታ ለቀቀ እንጂ። የሰው ልብም እንዲሁ ነው። ጾም፣ ንስሐና ምጽዋት ዓለቱን የሚጠርቡ መሣሪያዎች ናቸው፤ ማደሪያው ከተዘጋጀ በኋላ መግባት የእግዚአብሔር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ንጉሥ ሳኦል እግዚአብሔር አልመለሰልኝም ብሎ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሴት ሄደ፤ ይዞት የተመለሰው መጽናናትን ሳይሆን ድንጋጤን ነው። ልጁ የጠፋበት ወገናችን በዚያ ሌሊት ብቻውን እንዳይሄድ፣ ጎረቤት ይጎብኘው፣ የነፍስ አባት ደጁን ይርገጥ። በዛር ቤት ቡና አለ፣ ሰው አለ፣ ስምሽ ማነው፣ ምን ያምሻል የሚል አለ። ይህን ሁሉ እኛ ከነፈግናት እኅታችን በዚያ ብታገኘው፣ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። በማኅበርና በሰንበቴ ስንሰበሰብ አስቀድመን የታመመችውን እንጥራ።

የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመምም የያዘውን ሰው ዛር ነው ብላችሁ አታስሩ፤ አትምቱም። ወደ ጠበል ውሰዱት፤ ወደ ሐኪምም ውሰዱት፤ መድኃኒቱንም አታስተጓጉሉበት። ጠበሉንም ዕፁንም የፈጠረ አንድ አምላክ ነውና። ክታብና የጥንቆላ መጽሐፍ በቤቱ ያለው ሰው ደግሞ የኤፌሶን ሰዎችን ያስብ፤ ዋጋው አምሳ ሺህ ብር የሆነውን የአስማት መጽሐፋቸውን በሰው ሁሉ ፊት አቃጥለዋል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ የበለጠውን ስላገኙ የነበራቸውን ጣሉ።

ለዋግ ሕዝብና ለመላው ኢትዮጵያ ሰላሙን፣ ያዘኑትን የሚያጽናና መንፈስ ቅዱስን እግዚአብሔር ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።