ትንሽ ኮምፒውተር ለደጋ ቤት፦ ከፍጥነቱ በፊት ዋቱን እንጠይቅ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ፣ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ «ለልጆቻችን የትኛውን ኮምፒውተር እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ በርትቷል። ማውስን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተናው ዕለት የሚጨብጥ ተማሪ፣ በቤቱ ሲለማመድ ከከረመው ጋር እኩል መወዳደር ይቸግረዋል። የሞጃና ወደራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በሰላ ድንጋይና በመሰሎቿ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ገንዘቡ ከገብስና ከበግ ሽያጭ የተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ መብራቱ ይቆራረጣል፤ ዕቃው ሲበላሽም ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ አስቀድሞ የሚነግረንን ፍጥነት ለጊዜው አቆይተን፣ ኃይልን፣ ሙቀትንና ዲስክን በፊዚክስ ዓይን እንመርምር።

የምንመርጠው ዓይነት

ለመጠነኛ በጀት የሚስማማው በውጭ አገር ቢሮዎች ለጥቂት ዓመታት አገልግሎ ለሽያጭ የሚቀርበው ትንሽ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮና የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ ከዚህ ወገን ናቸው። የታይኒው ሣጥን ወርዱም ቁመቱም 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 3.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይዘቱም ከአንድ ሊትር እምብዛም አይበልጥም። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው የደከመ ሊሆን ስለሚችል ጥቅሙ ይቀንሳል። በትንሹ ኮምፒውተር ግን ኪቦርዱም፣ ስክሪኑም፣ ቻርጀሩም ለየብቻ ሊለወጡ ይችላሉ።

ዋትና ባትሪ

በእነዚህ ኮምፒውተሮች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ፕሮሰሰር በስሙ መጨረሻ ላይ «ቲ» የሚል ፊደል አለው። ለምሳሌ የኢንቴል ኮር አይ5-6500 የሙቀት ወሰን 65 ዋት ሲሆን፣ የአይ5-6500ቲ ግን 35 ዋት ነው። በአንጻሩ መነሻ ፍጥነቱ ከ3.2 ወደ 2.5 ጊጋ ኸርዝ ዝቅ ይላል። ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ የቪዲዮ ትምህርት ለሚከታተልና ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር ተማሪ ይህ ልዩነት እምብዛም አይሰማውም። የኃይሉ ልዩነት ግን መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃል።

ይህንንም በቀላል ስሌት እንየው። በአነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሁለቱን ስናባዛ 84 ዋት-ሰዓት እናገኛለን። ለብክነትና ለባትሪው እርጅና ብለን ግማሹን ብንተው 42 ዋት-ሰዓት ይቀረናል። ትንሹ ኮምፒውተር በቀላል ሥራ ላይ 15 ዋት፣ ስክሪኑም 20 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 35 ዋት ነው፤ ስለዚህ 72 ደቂቃ ያህል እንሠራለን። 80 ዋት የሚወስድ ትልቅ ኮምፒውተር ከዚሁ ስክሪን ጋር ቢሆን ግን 25 ደቂቃ ብቻ ይደርሰናል። የእርሳስ ባትሪ በፍጥነት ሲሳብ የሚሰጠው ጉልበት ስለሚቀንስ፣ በተግባር ከዚያም ያንሳል። አንዱ የጀመርነውን ለማስቀመጥ ብቻ ሲበቃ፣ ሌላው አንድ ምዕራፍ ያስጨርሳል።

ስሱ አየርና ብርዱ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሰላ ድንጋይም የዚሁ ደጋ አካል ናት። በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 71 በመቶ ያህል ነው። የሙቀት መጠኑ እኩል ከሆነ የአየሩ እፍግታም፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው መጠነ ቁስ፣ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ባይለወጥም፣ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው መጠነ ቁስ ስለሚያንስ የውስጡ ሙቀት ጭማሪ 1.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

እንግዲህ ደጋ ለኮምፒውተር አይስማማም ማለት ነውን? አይደለም። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ30 ዲግሪ አየር ውስጥ 25 ዲግሪ ጨምሮ 55 ላይ የሚደርስ ኮምፒውተርን እንውሰድ። ይኸው ኮምፒውተር በደጋ ቤት ውስጥ ጭማሪው 35 ዲግሪ ቢሆንም፣ የክፍሉ አየር 15 ዲግሪ ከሆነ የሚደርሰው 50 ላይ ነው። ስሱ አየር የወሰደውን ብርዱ ይክሳል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን የአየር መተላለፊያው ክፍት ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ የጥልፍ ጨርቁ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እንጂ እየሠራ ሳለ አይልበስ፤ ሣጥኑም ከምድጃ ጭስና ጥቀርሻ ይራቅ። በውርጭ ቀዝቅዞ ያደረን ኮምፒውተር እንፋሎት ወዳለበት ክፍል ስናስገባ ጤዛ ሊያዝበት ስለሚችል፣ ከማብራታችን በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ብንታገሥ ይመረጣል።

ዲስኩ

በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ጭንቅላት ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ በናኖ ሜትሮች ከፍታ የሚንሳፈፈው በአየር ስስ ሽፋን ላይ ነው። በመሆኑም አምራቾች ለአብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች የሚሰጡት የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር አካባቢ ነው። ሰላ ድንጋይ ላይ ከወሰኑ ብዙም አንርቅም፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በመንዝ ጓሳ ደግሞ እናልፈዋለን። ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከርም ሆነ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ክፍል የለውም። ስለዚህ ገንዘባችን ፈጣን ፕሮሰሰርንና ኤስኤስዲን አንድ ላይ ለመግዛት ካልበቃ፣ ኤስኤስዲውን እናስቀድም፤ ለተማሪ 256 ጊጋ ባይት ይበቃል። ድንገተኛ የመብራት መቋረጥ በኤስኤስዲ ላይም ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ጠቃሚ ሥራን በፍላሽ መገልበጥ ግድ ነው።

ቀሪ ዕድሜውና የሱቁ ፍተሻ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጠቅላላው 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ይጠይቃል። በዚህም መሠረት ስድስት ኮር ያለው አይ5-8500ቲ፣ የሙቀት ወሰኑ ያው 35 ዋት ሆኖ ሳለ፣ ከ6500ቲ የረዘመ ዕድሜ አለው። ዋጋው ካልተቻለ ግን አሮጌው ላይ ነጻውን ሊኑክስ መጫን ይቻላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ስለተካተተ በሁለቱም አማርኛ መጻፍ ይቻላል።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊትም የሚከተሉት ይፈተሹ፦

• ራሙ ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት ይሁን፤
• ቻርጀሩ የራሱ ወይም ቮልቱና ዋቱ በትክክል የሚስማማ መሆኑ ይታይ፤
• በርካታ ትንንሽ ኮምፒውተሮች መውጫቸው ዲስፕሌይፖርት ስለሆነ፣ ስክሪናችን ቪጂኤ ብቻ ከሆነ መቀየሪያው አብሮ ይገዛ፤
• ባዮሱ በይለፍ ቃል አለመቆለፉ ይረጋገጥ፤
• ቪዲዮ ከፍተን ለግማሽ ሰዓት እናሠራው፤ ማራገቢያው ከጮኸ ወይም ኮምፒውተሩ በራሱ ከጠፋ ይቅርብን።

ወደ ገበያ የሚወጣ አንባቢያችን ታዲያ ከዋጋው ጎን ሦስት ነገሮችን በወረቀት ይጻፍ፤ ዋቱን፣ የዲስኩን ዓይነትና የፕሮሰሰሩን ትውልድ። ዋቱን ይዞ ከላይ ያየነውን የባትሪ ስሌት እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ሊሠራው ይችላል፤ የሚያስፈልገው ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።