ስንቅ የሌለው መንገድ

በታኅሣሥ ወር አሪቻ እንቅልፍ የላትም። ከይርጋ ጨፌ ከተማ አጠገብ ባለችው በዚች ቀበሌ ቀይ እሸት ቡና ከየጓሮው ተለቅሞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ይጎርፋል፤ ይፈለፈላል፣ ይታጠባል፣ ከዚያም ከመሬት ከፍ ብለው በተሠሩ አልጋዎች ላይ ተሰጥቶ ለቀናት ይገላበጣል። ማታ ጤዛ እንዳይመታው ይሸፈናል፤ ጥበቃውም ሌሊቱን ሲዞር ያድራል። በጋው ሰማዩን ጠርጎታልና ቀና ያለ ሰው ከከዋክብቱ መካከል ጭል ጭል ሳይል ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ነጥብ ሊያይ ይችላል። ሳተላይት ነው።

የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የተወነጨፈችውም በዚሁ በቡናው ወር ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ከቻይናው የታይዩዋን ጣቢያ ተነሣች። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል ነበር። ቡናችን ለውጭ ገበያ የሚላክበት ጆንያ 60 ኪሎ ይይዛል። እንግዲህ ያን ቀን ወደ ሰማይ የላክነው ዕቃ ከአንድ ጆንያ ቡና ጥቂት ቢከብድ ነው። አብረዋት የወጡትን ሁሉ፣ 1,700 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ጭምር፣ ብንደምር እንኳ ጭነቱ ሦስት ቶን አይሞላም። የተሸከማቸው ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው ሮኬት ግን ሲነሣ ወደ 250 ቶን ይመዝናል።

ሦስት ቶን የማይሞላ ጭነት ለማድረስ 250 ቶን ተሸካሚ ለምን አስፈለገ? የዚህን ጥያቄ መልስ የያዘ ሰው፣ መሐንዲሶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲያልሟቸው የኖሩትን እንግዳ መንገዶች ሁሉ ያለ ችግር ይረዳል።

መልሱ ርቀት አይደለም። ሳተላይታችን የምትዞርበት ከፍታ 630 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዲላ አዲስ አበባ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ 720። አንድ የዲላ ነጋዴ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ፣ መንገዱ ሽቅብ ቢሆንለት ኖሮ ከሳተላይቷ በላይ በወጣ ነበር። ጠፈር ቅርብ ነው። አስቸጋሪው እዚያ መቆየቱ ነው። ከኮረብታ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ይወድቃል፤ በኃይል ከተወረወረ ራቅ ብሎ ይወድቃል። በሴኮንድ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቢወረወርና አየር ባያግደው ግን፣ እሱ ወደ ታች በወደቀ ቁጥር ክብ የሆነችው ምድርም ከሥሩ እየጎበጠች ትሸሸዋለች፤ ሲወድቅ ይኖራል እንጂ መሬት አይነካም። ምሕዋር የምንለው ይህንን ማለቂያ የሌለው አወዳደቅ ነው። በዚያ ፍጥነት ከዲላ አዲስ አበባ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ፍጥነት ሮኬት የሚያገኘው ነዳጁን አቃጥሎ ጋዙን ወደ ኋላ በመግፋት ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። የጥንቱን ሲራራ ነጋዴ እናስብ። መንገዱ ረጅም ከሆነ ስንቅ ይይዛል፤ ስንቁን የምትሸከም በቅሎ ይጭናል፤ በቅሎዋም ገብስ ትፈልጋለች፤ ገብሱን የምትሸከም ሌላ በቅሎ ያስፈልጋል፤ እሷም ትበላለች። ነጋዴው ግን ዕድለኛ ነበር፤ መንገድ ላይ ገበያ፣ ምንጭና ግጦሽ ያገኛል። ሮኬት ምንም አያገኝም። የሚያቃጥልበትን ኦክስጅን ሳይቀር ይዞ ይነሣል። ሩሲያዊው መምህር ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው ዝነኛ ቀመር የዚህን ስንቅ ሒሳብ ይነግረናል፤ ፍጥነት በደመርን ቁጥር ስንቁ ይባዛል። ለዚህ ነው ማስወንጨፊያው ላይ ከቆመ ሮኬት ከአሥር እጅ ዘጠኙ ነዳጅና ኦክስጅን የሆነው። ከቀሪው አንድ እጅ ላይ ደግሞ ጋኑ፣ ሞተሩና ቆርቆሮው ይነሣል። ለጆንያዋ የሚተርፋት ያ ነው።

ስለዚህ ወደ ጠፈር የሚወስድ አዲስ መንገድ ሲነገረን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃናል፤ ስንቁ የት ነው ያለው?

ያው ፂዮልኮቭስኪ ቀመሩን ከማሳተሙ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ስንቁን መሬት ላይ ትቶ የመሄድ ሐሳብ መጥቶለት ነበር። የፓሪሱ የኤፌል ማማ አነሣሥቶት፣ ማማው ሽቅብ ቢቀጥል፣ ቢቀጥል፣ ጫፉ የት ይደርሳል ብሎ ራሱን ጠየቀ። 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ አንድ ከፍታ የተለየ ሆኖ አገኘው። ቁጥሩን ለማሰብ ለጌዴኦ ሰው ቀላል ነው፤ የዲላና የአዲስ አበባ መንገድ መቶ እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ከፍታ፣ በምድር ወገብ ትይዩ የሚዞር ነገር አንድ ዙር የሚጨርሰው ምድር በራሷ ዛቢያ በምትዞርበት ጊዜ ነው። አብረው ስለሚዞሩ ከታች ለሚያየው ቆሞ የቀረ ይመስላል። ማስረጃው በዲላ ቤቶች ጣሪያ ላይ አለ። ኢትዮሳትን የሚቀበለው ዲሽ አንዴ ወደ ምሥራቅ ከተቃና በኋላ ሳይነቃነቅ ዓመታት ያስቆጥራል፤ ምክንያቱም ሳተላይቱ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በላይ ተሰቅሎ ቦታውን አይለቅም።

የፂዮልኮቭስኪ ማማ ግን የማይቻል ነበር። ለምን እንዳልተቻለ ለማየት በጌዴኦ ምድር ላይ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች ማሰብ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዐ ምድር እነዚህን ድንጋዮች ያቀፈ ነው፤ በሳካሮ ሶዶ የቆሙት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባለው የመጀመሪያው ምእተ ዓመት ላይ እንደተተከሉ ጥናት አመልክቷል። ትክል ድንጋይ የቆመው ክብደቱ ወደ ታች ስለሚጫነው ነው። ቁመቱ በጨመረ ቁጥር ሥሩ ላይ የሚያርፈው ሸክም ይከብዳል፤ መጨረሻ ላይ ሥሩ ይደቅቃል። ከታች ወደ ላይ የሚገነባ ነገር ሁሉ ዕጣው ይህ ነው።

ሌኒንግራዳዊው መሐንዲስ ዩሪ አርሱታኖቭ እ.ኤ.አ. በ1960 ነገሩን ገለበጠው። ለምን ከታች እንገነባለን? ከላይ እናንጠልጥል! ከዚያ ቆሞ ከሚታየው ሳተላይት ላይ ገመድ ወደ ምድር ይለቀቅ። ወደ ታች የሚወርደው እንዳይጎትተው ሌላ ገመድ ወደ ላይ፣ ወደ ውጭ ይዘርጋ። የታችኛውን ስበት ይጎትተዋል፤ የላይኛውን ደግሞ ወንጭፍ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ዙረቱ ወደ ውጭ ይወጥረዋል። ሁለቱ ተመጣጥነው ገመዱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ አሳንሰር ገመዱን ይዞ ይወጣል፤ ኃይሉ ከመሬት በጨረር ይላክለታል። ስንቅ የለም። አሜሪካዊው ጀሮም ፒርሰን የአርሱታኖቭን ጽሑፍ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደዚሁ ሐሳብ ደርሶ ስሌቱን በሳይንስ መጽሔት አወጣ። ሦስተኛው ባለውለታ ደራሲ ነው። አርተር ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ልቦለድ ውስጥ አሳንሰሩን ሲተክል፣ ይኖርባት የነበረችውን ስሪላንካን ወደ ደቡብ ገፍቶ የምድር ወገብ ላይ አኖራት። የስሪላንካ ደቡባዊ ጫፍና አሪቻ ከምድር ወገብ እኩል ይርቃሉ፤ ሁለቱም 6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። ክላርክ አገር ያንቀሳቀሰው ለስድስት ዲግሪ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

በጌዴኦ እንሰት ሲፋቅ ቃጫው ይወጣል፤ ቃጫው ተገምዶ ከብት ያስራል፣ እንጨት ይሸከማል፣ ጎጆ ይጠፍራል። ገመድ የገመደ ሰው ሁሉ ሳያሰላው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ማንኛውም ገመድ በጣም ከረዘመ ምንም ሳይሰቀልበት በገዛ ክብደቱ ይበጠሳል። ማወፈር አያድንም፤ ሲወፍር ይከብዳልና። ስለዚህ የአንድ ገመድ እውነተኛ መለኪያ ራሱን ብቻ ተሸክሞ ስንት ኪሎ ሜትር ይንጠለጠላል የሚለው ነው። ጠንካራ የብረት ሽቦ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይችላል፤ ከዲላ ቢጀምር ይርጋ ጨፌ ሳይደርስ ይበጠሳል። ጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራበት ኬቭላር ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለጠፈሩ ገመድ የሚያስፈልገው ስንት ነው? ከፍ ባልን ቁጥር ስበቱ ስለሚላላ 36,000 ኪሎ ሜትሩ ሙሉ በሙሉ አይከብድም፤ በምድር ገጽ ሚዛን ሲሰላ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከኬቭላር ሃያ እጥፍ ነው።

ማምለጫ መንገድ ትንሽ አለ። ገመዱ ሸክም በሚበዛበት ላይ፣ 36,000ው ከፍታ ላይ፣ ወፍራም፣ መሬት ሲደርስ ቀጭን ይደረጋል። ይህ ዘዴ ለደካማ ነገር አይበጅም፤ ከብረት የተሠራ ገመድ እጅ በሚያህል ውፍረት መሬት ቢነካ፣ ላይኛው ውፍረቱ ከራሷ ከምድር ይበልጣል። ለካርቦን ናኖቲዩብ ግን ሒሳቡ ሰው የሚቀበለው ቁጥር ይሰጣል። ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የሚቀጥነው ይህ የካርቦን ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ሥራ ከታወቀ ወዲህ ነው የአሳንሰሩ ሐሳብ ከልቦለድ ወጥቶ በመሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው። ብራድሊ ኤድዋርድስ በናሳ ድጋፍ 100,000 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገመድ ነደፈ። የጃፓኑ ኦባያሺ የግንባታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ2050 የሚደርስ ባለ 96,000 ኪሎ ሜትር አሳንሰር አስቤያለሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሺዙኦካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሽቦ ላይ የምትጓዝ ትንሽ መኪና ለመሞከር ጥቃቅን ሳተላይቶችን ወደ ጠፈር ላኩ። እነዚህ ሁሉ ቀኖች ልብ ያሞቃሉ። ልብን የሚያቀዘቅዘው ግን ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በቤጂንግ የተገኘው፣ ለረጅምነቱ የተጨበጨበለት ነጠላ ናኖቲዩብ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። አንድ የቃጫ ክር ከዚያ ይረዝማል።

በእኔ ግምት የምድር አሳንሰር በዚህ ትውልድ አይሠራም። በጨረቃ ላይ ግን ስበቱ ከምድር አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ዛሬ በፋብሪካ ያለው ኬቭላር ራሱ ይበቃል። መጀመሪያ የሚዘረጋው እዚያ ቢሆን አይደንቀኝም።

ሌሎቹን መንገዶች በያዝነው ጥያቄ ቶሎ ቶሎ እንፈትሽ። መድፍ ስንቁን መሬት ላይ ይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የጄራልድ በል መድፍ ከአሪዞና የተኮሰው ቀስት 180 ኪሎ ሜትር ወጥቷል። ነገር ግን ተተኳሹ ሁሉንም ፍጥነት በአንድ አፍታ ስለሚቀበል ሰው ይደቅቅበታል፤ የቡና ፍሬ ይችለው ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በኒው ሜክሲኮ የተሞከረው ስፒንሎንች ዕቃውን በወንጭፍ አሽከርክሮ ይለቃል፤ መዘዙ ያው ነው። ሌላው ሐሳብ በሌዘር ጨረር ከሥር እየገፉ ማውጣት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሊክ ማይራቦ ባደረገው ሙከራ እፍኝ የምትሞላ ዕቃ 71 ሜትር ወጣች። ከሁሉም አሁን ወደ ፍሬ የቀረበው ግን ስንቁን የማይተወው፣ በቅሎዋን የሚያተርፈው ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 2024 ስታርሺፕ የተባለው ግዙፍ ሮኬት የታችኛው ክፍል ከሰማይ ተመልሶ በተነሣበት ማማ ክንዶች ተያዘ። ሰባ ሜትር የሚያህል ቁመት ያለው ሮኬት እንደ ሕፃን ሲታቀፍ ያየ ሰው የዋጋው ነገር እንደሚለወጥ አይጠራጠርም።

የትኛውም መንገድ ቢመጣ፣ ቦታ ለውጥ ያመጣል። ምድር ስትዞር የወገቧ ነዋሪ በሴኮንድ 465 ሜትር ይጓዛል፤ አሪቻ ላይ የቆመ 462 ሜትር። ይህ በነጻ የሚገኝ ስንቅ ነው። አውሮፓውያን ሮኬታቸውን ከደቡብ አሜሪካዋ ኩሩ፣ ከ5 ዲግሪ ላይ የሚተኩሱት ለዚሁ ነው። ጎረቤታችን ኬንያም ታሪኩ አላት። ጣሊያኖች በማሊንዲ ባሕር ዳርቻ ባቆሙት የሳን ማርኮ መድረክ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1988 ዘጠኝ ሳተላይቶች ተወንጭፈዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 የወጣው በኬንያ የነጻነት ቀን ስለነበር ኡሁሩ፣ ማለትም ነጻነት፣ ተባለ፤ የሰማይን ኤክስ ሬይ ለመቃኘት ብቻ የተላከ የመጀመሪያው ሳተላይት እሱ ነው።

በይርጋ ጨፌ የሚያልፈው አስፋልት በሞያሌ ኬንያ ገብቶ ወደ ደቡብ ይቀጥልና ናንዩኪ በምትባል ከተማ የምድር ወገብን ያቋርጣል። እንግዲህ ገመዱ አንድ ቀን እዚያ ተተከለ እንበል። የአሪቻ ጆንያ በጭነት መኪና ናንዩኪ ደርሶ አሳንሰሩ ላይ ይጫን። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እንሂድ። ከሦስት ሰዓት ጥቂት በኋላ ሳተላይታችን የተላከችበት ከፍታ ላይ ነን፤ ግን ጆንያውን እዚያ ብንለቀው ወደ ምድር ይወድቃል። ከፍታውን አገኘ እንጂ ፍጥነቱን አላገኘም። በአሥራ ሦስተኛው ሰዓት፣ 2,600 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በስፕሪንግ ሚዛን ቢሰቀል 30 ኪሎ ያነባል። ከ23,400 ኪሎ ሜትር በታች ከተለቀቀ አሁንም ከምድር አየር ይጋጫል፤ ከዚያ በላይ ግን በራሱ ምሕዋር ይዞ ይዞራል። በሰባት ቀን ተኩል 36,000 ላይ ስንደርስ ሚዛኑ ዜሮ ያነባል፤ እስከዚህ ድረስ የፈጀው ኃይል፣ ብክነቱን ሳንቆጥር፣ 800 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ቀሪው ፍጥነት ከምድር ዙረት የተገኘ ነው። ከዚያ ወዲያ ጆንያው ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ላይ ይስባል፤ አሳንሰሩም መገፋት ሳይሆን መያዝ ያስፈልገዋል። 47,000 ኪሎ ሜትር ገደማን ካለፈ በኋላ ገመዱን የለቀቀ ጆንያ፣ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳይዝ፣ ከምድር ስበት ወጥቶ በፀሐይ ዙሪያ መንገዱን ይጀምራል።