ሳክስፎን ሲሸልል፦ የጊዜያቸውን ልማድ ያልተከተሉ ሙዚቀኞች

ዳውንታውን ላስ ቬጋስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የፍሪሞንት ጎዳናን መብራት ነው። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ግን ሌላ ዓለም አለ። ድሮ የባቡር ግቢ በነበረው ቦታ ላይ፣ ዛሬ ሲምፎኒ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ስሚዝ ሴንተር የተባለው የሙዚቃና የቴአትር ማእከል ቆሟል። የተከፈተው በ2012 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በማማው ላይ 47 ደወሎች አሉ። የላስ ቬጋስ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ የሚጫወተውም እዚሁ ነው።

በላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ልጆቻቸው እንደ ሌላው ተማሪ በትምህርት ቤት ባንድ ፍሉት፣ ክላሪኔት ወይም ሳክስፎን ሊማሩ ይችላሉ። ቤት ሲገቡ የሚሰሙት ሙዚቃ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ «ይህ የፈረንጅ መሣሪያ የእኛን ዜማ መናገር ይችላል?» ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ የሰጡ ናቸው።

አምስት ሰዎች ሲጨዋወቱ

በአፍ እየተነፋ የሚጫወት መሣሪያ ሁሉ በአማርኛ «የትንፋሽ መሣሪያ» ይባላል። በአውሮፓ ሙዚቃ አምስት የትንፋሽ መሣሪያዎች አንድ ላይ የሚጫወቱበት ቡድን አለ፤ ዉድዊንድ ኩዊንቴት ይሉታል። መሣሪያዎቹ ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላሪኔት፣ ባሱን እና ሆርን ናቸው። ሆርን ከናስ የተሠራ ቢሆንም ከእንጨቶቹ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። የአምስቱም ድምፅ የተለያየ ስለሆነ ሙዚቃው ቡና ላይ የተቀመጡ አምስት ጎረቤቶችን ወሬ ይመስላል።

ይህን ቡድን ታዋቂ ያደረገው አንቶን ራይካ ነው። ራይካ በ1770 ፕራግ ውስጥ ተወለደ። ከቤትሆቨን ጋር እኩያ ነው፤ በወጣትነታቸውም ቦን ከተማ በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ተጫውተዋል። በዚያ ዘመን ትልቅ ክብር የሚሰጠው በቫዮሊን፣ በቪዮላና በቼሎ ለሚጫወተው የአራት ሰዎች ሙዚቃ ነበር። ራይካ ግን ፓሪስ ተቀምጦ ለአምስቱ የትንፋሽ መሣሪያዎች 24 ሥራዎችን ጻፈ። «እነዚህም ከባድ ሐሳብ መናገር ይችላሉ» ማለቱ ነበር።

ሌላው ጊዮርጊ ሊጌቲ ነው። በ1953 ሃንጋሪ ውስጥ ሆኖ ለዚሁ ቡድን ስድስት አጫጭር ሥራዎችን አዘጋጀ። በዚያን ጊዜ መንግሥት ሙዚቃው ምን መምሰል እንዳለበት ይቆጣጠር ነበር። በ1956 ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ አምስቱ ብቻ ተጫወቱ። ስድስተኛው ለጆሮ የሚጎረብጥ ድምፅ በዝቶበታል ተብሎ ቀረ። የመጀመሪያው አጭር ሥራ ደግሞ የተሠራው በአራት ድምፆች ብቻ ነው። በጥቂት ድምፅ ብዙ መናገር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዱ ቅኝት የሚቆመው በአምስት ድምፅ ነው።

የእኛው ነፋሾች

ኢትዮጵያ የራሷ የትንፋሽ መሣሪያዎች አሏት። ዋሽንት ከሸምበቆ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ አራት የጣት ቀዳዳ አለው። የእረኛ ጓደኛ ነው። እምቢልታ ደግሞ ረጅም ነው፤ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንድ እምቢልታ ብቻውን የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ስለሆነ ነፋሾቹ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሆነው ይቆማሉ። አንዱ ሲነፋ ሌላው ይጠብቃል፤ ዜማው የሚሞላው በሦስቱ መተጋገዝ ነው። ድሮ እምቢልታ የሚነፋው በቤተ መንግሥትና በትልልቅ በዓላት ነበር።

ዘመናዊዎቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች የተስፋፉት በማርሽ ባንዶች በኩል ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ውስጥ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አገኙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባለው ባንድ የእነርሱ ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ብዙ ነፋሾችን አፈሩ።

ጌታቸው መኩሪያ፦ ሽለላ በሳክስፎን

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ይፋት ውስጥ ተወለደ። መጀመሪያ የተማረው ክራርና ማሲንቆ ነው። በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ክላሪኔትና ሳክስፎን ያዘ፤ በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠራ።

በባንዶቹ ውስጥ ሳክስፎን በአብዛኛው የዘፋኙ አጃቢ ነበር። ጌታቸው ግን ሽለላን ወደ ሳክስፎን አመጣ። ሽለላ ጦረኛ ወደ ውጊያ ሲሄድ ወኔ ለመቀስቀስ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ሰው ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹን ይስባል፣ ያቅራራል። ጌታቸው ይህን ሁሉ በመሣሪያው አደረገው። መድረክ ላይም እንደ ድሮ ጀግና የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር።

አድማጮች በኋላ አጨዋወቱን አሜሪካ ውስጥ ከተነሣው ነፃ ጃዝ ጋር አመሳሰሉት። የእርሱ መነሻ ግን የአገሩ ሽለላ ነው። በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘ አልበም አወጣ። በ2016 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ።

አሸናፊ ከበደ፦ እረኛው በኦርኬስትራ ውስጥ

ሁለተኛው ሰው ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው። በ1938 አዲስ አበባ ውስጥ ተወለዱ። ኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሩ። ያን ጊዜ ሙዚቃ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የተከበረ ሙያ አልነበረም፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይነገር ነበር። እርሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ።

ከታወቁት ሥራዎቻቸው አንዱ ስለ አንድ ዋሽንት ነፊ እረኛ ነው። እረኛው ከመስክ ወጥቶ በትልቅ ኦርኬስትራ መካከል ቆመ ማለት ይቻላል። በሌላ ሥራቸው ደግሞ ፍሉት፣ ክላሪኔትና ቫዮሊንን ኮቶ ከተባለው የጃፓን ባህላዊ መሣሪያ ጋር አገናኙ። ዘመናቸው «ወይ ዘመናዊ ሁን ወይ ባህላዊ» ይል ነበር፤ እርሳቸው ግን አንዱን ለመያዝ ሌላውን አልጣሉም። በኋላ አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1998 አረፉ።

እናንተስ?

መሣሪያ የማንም ቋንቋ አይደለም፤ የሚናገረው የያዘው ሰው ነው። ፍሉት ወይም ክላሪኔት ካላችሁ ይህን ሞክሩ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቀስ ብላችሁ ንፉ፤ ይህ ትዝታ ነው። አሁን ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ትዝታው ያዝናል። ኖታዎቹ ብቻ ግን አይበቁም። የአገር ቤት ዘፋኝ ድምፁን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ አድምጡና በከንፈርና በትንፋሽ ምሰሉት። ከዚያ እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን ጥሩና አጫውቷቸው። ዜማውን ካወቁት ማንጎራጎራቸው አይቀርም።

የሳምንቱ ቃላት
ትንፋሽ፦ ስንተነፍስ የሚገባና የሚወጣ አየር
ቅኝት፦ ዜማ የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ
ወኔ፦ ድፍረት፣ የጀግንነት ስሜት
ጎፈር፦ በአንበሳ አንገት ዙሪያ ያለው ረጅም ጠጉር
ማንጎራጎር፦ በዝቅተኛ ድምፅ ለራስ መዝፈን